ኧረ ድምፅ ቀንሱልን!

ደሴ ላይ ጆሮም ልብም አላርፍ አለ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል። ሲመጣ ደግሞ የሱቁ ስፒከር ይቀበለዋል። መቼ እንደሚጠፋ፣ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ባጃጁ ቆሞ እንኳ ክላክሱን አይለቅም።

ይህ ሕዝብ እኮ በ2014 የከባድ መሣሪያ ድምፅ የሰማ ነው! ትናንት የአንድ ባጃጅ ጭስ ማውጫ ጧ ሲል፣ ቡና የምትቀዳ እናት እጇ ተንቀጥቅጦ ቡናው ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። ማንም አልሳቀም። ሁላችንም ደንግጠን ነበር። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

«በረጅሙ ተንፍስ» ይሉኛል። እውነት ነው፣ አየሩን ቀስ ብሎ ማስወጣት ልብን ያረጋጋል፤ እኔም አደርገዋለሁ። ግን አስወጥቼ ሳልጨርስ ሌላው ይጮሃል። የወሎ ቡና ዱአ የሚደረግበት፣ የሚመራረቁበት ነው። ቢያንስ አቦሉን እስክንጠጣ ስፒከሩን ወደ ውስጥ አዙሩት!