እናቴ እህል ሳትቀምስ ስለ ጾም ተሰበከች

ሰባኪዎቹ ከግቢያችን ከወጡ ገና አንድ ሰዓት አልሞላም፤ እጄ አሁንም እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። እናቴን የምታውቁ ሁሉ ፍረዱኝ።

ፍልሰታ መሆኑን ታውቃላችሁ። እናቴ ጉልበቷ ሳይከዳት በፊት ነሐሴ በገባ ቁጥር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግራ በኡራ ኪዳነ ምሕረት ሱባኤ ትገባ ነበር፤ አሁን ዳገቱን ስለማትችለው እዚሁ አጥቢያችን አስቀድሳ ትመለሳለች። ዛሬም ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነጠላዋ በዝናብ ርሶ ገባች። ከጠበል በቀር በአፏ የዞረ ነገር አልነበረም። መሶቡን አቅርቤ፣ ሽሮውን አውጥቼ፣ እጇን ላስታጥባት ጆግውን ሳነሣ በሩ ተንኳኳ።

ሁለት ወጣት ወንዶችና አንዲት ልጅ ነበሩ፤ ጥሩ የለበሱና ትሑት የሚመስሉ። «ስለ እግዚአብሔር ቃል ጥቂት ደቂቃ ልናካፍላችሁ ነው» አሉ። እኔ ከበሩ ልመልሳቸው አፌን ስከፍት፣ እናቴ ከውስጥ ሆና «ዝናብ ላይ ሰው ታቆሚያለሽ? ግቡ ልጆቼ» አለች። ገቡ። «እንብላ» አለቻቸው። «በልተናል እናታችን፣ እርስዎ ይብሉ» አሉ። እናቴ ደግሞ እንግዳ ቁጭ ብሎ እያያት ለብቻዋ ጎርሳ አታውቅም። እነዚህ ልጆች ያደጉት በዚሁ አገር ነውና ይህን አያውቁም ብሎ የሚያሳምነኝ የለም። መሶቡ ተከደነ፤ ከዚያ በኋላ ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ፣ ከጧት ጀምሮ ጦሟን የዋለችን የሰባ አራት ዓመት ሴት ስለ ጾም ከንቱነት አስተማሯት።

«እማማ፣ እስከዚህ ሰዓት በባዶ ሆድ የዋሉት ለመዳን ብለው ነው?»

«ለእመቤቴ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ታዲያ ይህ ጾም የትኛው ምዕራፍ ላይ ተጽፎ አገኙት?»

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየቷን እስክሞት አልረሳውም፤ «አንቺን ያስተማርሁሽ ለዚህ ቀን አልነበረም ወይ?» የምትል መሰለኝ። እኔም፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሰንበት ትምህርት ቤት ተመላልሼ የተማርሁት ሴት፣ «የአባቶች ሥርዓት ነው» ከማለት ሌላ አንዲት ቃል ጠፋችብኝ። ልጁ መጽሐፉን ገልጦ ወደ እኔ አዞረውና «እህቴ፣ እስቲ ከዚህ ጀምረው ያንብቡልን» አለኝ። አነበብሁ! በገዛ ቤቴ፣ በእናቴ ፊት፣ ታናሽ ወንድሜ ሊሆን በሚችል ልጅ ታዝዤ እንደ ተማሪ ጮክ ብዬ አነበብሁ። ስጨርስም «ጎበዝ» አለኝ። ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ይህች «ጎበዝ» ናት።

በዚህም አልበቃው። «እማማ፣ በየቀኑ የሚደግሙት ውዳሴ ማርያም ግዕዝ አይደል? ትርጉሙን ያውቁታል?» ሲል ጠየቃት። እናቴ በቃሏ የያዘችውን፣ እኛን በእቅፏ ይዛ እየደገመች ያሳደገችንን ጸሎት ነው። ዝም ብላ ቆየችና «እመቤቴ ታውቀዋለች» አለች። ልጁ ፈገግ ብሎ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። ሌላውን ሁሉ ይቅር ብል እንኳ ያችን ፈገግታ ይቅር ማለት አልችልም።

ለእነርሱ የእኛ ቤት ወንጌል ያልደረሰበት ቤት ነው። «ለዚህ ከተማ ብርሃን ይዘን ነው የመጣነው» ብሎኛል፣ ቃል በቃል። ይህ የሚባለው ለባሕር ዳር ሰው ነው። ክርስትና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአባ ሰላማና በንጉሥ ኢዛና ዘመን፣ የዚህች አገር ሃይማኖት ሆኗል፤ ጣናም በደሴቶቹ ገዳማት የተሞላ ሐይቅ ነው። ደግሞስ ሌላ እምነት ወደዚህ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው ወይ? ከእኛ ማዶ በጎርጎራ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ተቀምጠውበት ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1622 የሮማን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ ከዚያ ወንድም ከወንድሙ ተላለቀ፤ በ1632 ንጉሡ ራሳቸው የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። የፋሲለደስም ዐፅም ዳጋ እስጢፋኖስ ነው ያለው፤ ጀልባ ተሳፍሮ የሚኬድበት ቦታ ነው። ያን ጊዜ በአዋጅ ያልሆነው ዛሬ በይሉኝታችን በኩል እየተሞከረ ነው።

ይህን ሁሉ ግን ያሰብሁት ከሄዱ በኋላ ነው። ያን ሰዓት ከአፌ የወጣው «እባካችሁ፣ እናቴ አልበላችም» የሚል ብቻ ነበር። አብራቸው የመጣችው ልጅ «ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የማስተማር መብት ሰጥቶናል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሰጥቷል። ከዚያው በላይ ያለው አንቀጽ 26 ግን የሰው የግል ሕይወት እንዲከበር ያዝዛል። ይህም ትዝ ያለኝ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

እምነታቸው ከእኔ መለየቱን አልጠላሁባቸውም። ከግድግዳችን ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው፤ እህቴ ስትዳር የእነርሱ በግ በእነርሱው ሰው ታርዶ በሌላ ድስት ተሠርቷል፤ በሠላሳ ዓመት ጉርብትና አንዳችን የሌላውን ሃይማኖት ጠይቀን አናውቅም። የአክስቴ ልጅ ጴንጤ ከሆነ ቆይቷል፤ ሲመጣ በራሱ መንገድ ጸልዮ እስኪጨርስ እናቴ እንጀራውን ሳትቆርስ ትጠብቀዋለች። ባለፈው ዓመት ግን የጎረቤታችን ልጅ ሞታ ገና ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳለን፣ አንድ ሰው ለእናቲቱ «ልጅሽ ሳትድን ሄደች» ብሎ ወረቀት አስጨበጣት። የወንድሜ ልጅም በቀደም ከትምህርት ቤት በር ከረሜላ የተለጠፈበት በራሪ ወረቀት ይዞ ገብቷል። ዕድሜው ሰባት ዓመት ነው።

ንዴቴ ግን እነርሱ ላይ ብቻ አያበቃም። ነፍስ አባታችን ቤታችንን የረገጡት በጥምቀት ሰሞን ጠበል ሊረጩ ነበር፤ ረጭተው፣ ጠላ ቀምሰው፣ ሩብ ሰዓት ሳይቆዩ ወጡ። ሰባት ወር ሞላቸው። ጾሙ ለምን እንደሚጾም ለእናቴ ሁለት ቃል ቢያስጨብጧት፣ ለእኔም ገጹን ቢያሳዩኝ ኖሮ፣ ዛሬ በቤቴ «ጎበዝ» ባልተባልሁ። እነዚህ ልጆች በዝናብ ጫማቸው ጭቃ ውጦት ይመጣሉ፤ የእኛዎቹ ደግሞ ተጠርተውም አይመጡም። ይህን መጻፍ ያመኛል፤ ግን እውነት ነው።

ሲወጡ እናቴ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። «ሐሙስ ተመልሰን እንመጣለን» አሏት። እሷም እንግዳን እንዴት ትመልስ፣ «ደግ፣ እግዚአብሔር ያምጣችሁ» አለቻቸው። ከዚያ ገብታ የቀዘቀዘውን ሽሮ ሁለት ጊዜ ጎረሰችና «በቃኝ» ብላ እጇን ታጠበች። ምን ብልሽ ይሻላል ብዬ አጠገቧ ብቀመጥ፣ «ያ ልጅ ያለው እውነት ነው እንዴ? የማላውቀውን ነው ስደግም የኖርሁት?» አለችኝ።

ሐሙስ እኔ ሥራ ነኝ። በሩን የምትከፍተው እሷ ናት።