«ለእኔ ገንዘብ አታባክኑ»

ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ክትባት ውሰዱ ሲባሉ ቀድመው የሚጠይቁት «ስንት ነው?» ብለው ነው። ዋጋውን ሲሰሙ የሚሉትም አይጠፋንም፦ «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እኔ እንደሆን ጨርሻለሁ፤ ይልቅ ለልጆቹ አድርጉት።» ቤተሰቡ ትንሽ ይለምንና ይተዋል። አንዳንዱማ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በልቡ እፎይ ይላል።

ክትባትን ከአረጋውያን ኪስ የሚያስከፍል አሠራር የቆመው በዚህች ንግግር ላይ ነው። ማንም ከለከላቸው አይባልም፤ ራሳቸው ተዉት። መዝገቡም «ፈቃደኛ አልሆኑም» ይላል፣ ነገሩ በዚሁ ይዘጋል።

የተዉትን ነገር ግን እንየው። አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው በልጅነት ጉድፍ ያስያዘን ቫይረስ ነው። ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ለአሥርት ዓመታት ይቆይና የሰውነት መከላከያ ሲደክም ይነሳል። ሽፍታው በሳምንታት ውስጥ ይደርቃል፤ በአንዳንዶች ላይ የነርቩ ሕመም ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት ይቀራል። ልብስ ሲነካቸው እንኳ ያቃጥላቸዋል፣ እንቅልፍ የለም። ሁለት ጊዜ የሚሰጠው አዲሱ ክትባት ከ70 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ሲሞከር በሽታውን 90 በመቶ ገደማ ተከላክሏል። ግን ሁለት ጊዜ ማለት ሁለት ክፍያ፣ ሁለት ምልልስ፣ ሁለት ጊዜ ከሥራ የሚቀር ልጅ ማለት ነው።

ዌልስ ውስጥ ደግሞ ሳይታሰብ አንድ ትልቅ ሙከራ ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ2013 (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የቀድሞው የአልማዝ ባለጭራ ክትባት መሰጠት ሲጀምር መስከረም 2 ቀን 1933 እና ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ተፈቀደላቸው፤ ከዚያ በፊት የተወለዱት ቀሩ። በጥቂት ቀናት የሚበላለጡ ሰዎች በሁለት ወገን ተከፈሉ ማለት ነው። ተመራማሪዎች ሰባት ዓመት ያህል ተከታትለው በ2025 ባወጡት ጥናት፣ በተከተቡት ላይ የመርሳት በሽታ በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። የመርሳት በሽታ ያለበትን ሰው ቤቱ ያስታመመ ቤተሰብ የዚህን ትርጉም ያውቀዋል። የክትባቱን ዋጋ የሚያሰላው መሥሪያ ቤት ሒሳብ ውስጥ ግን ሥራዋን ትታ እናቷን የምታስታምም ልጅ የለችም።

ጉንፋን እየተባለ የሚናቀው ኢንፍሉዌንዛም እንዲሁ ነው። በ2018 የወጣ የካናዳ ጥናት፣ በሽታው በምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሳምንት ድንገተኛ የልብ ሕመም የመከሰት ዕድል ስድስት እጥፍ ገደማ እንደሚሆን አሳይቷል። ታማሚው ሆስፒታል ሲገባ ወጪው «ልብ» ተብሎ ይመዘገባል። ያልተገዛው ክትባት ስሙም አይነሳ።

ሀብታም አገሮችም ቢሆኑ እዚህ ላይ የነቁት ዘግይተው ነው። አሜሪካ ውስጥ የአረጋውያኑ የሕክምና መድን ሜዲኬር የኢንፍሉዌንዛና የሳንባ ምች ክትባትን በነጻ ሲሰጥ፣ የአልማዝ ባለጭራው በመድኃኒት መድኑ በኩል ስለነበር ብዙዎችን ያስከፍል ነበር። ክፍያው የቀረው ከጥር 2023 ጀምሮ በሕግ ነው።

ለሕፃናት ሲሆን ይህን ጉዳይ ዓለም ከተስማማበት ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ክትባት ፕሮግራሙን የጀመረው በ1974 ነው፤ በ2000 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የክትባት ጥምረት ጋቪ ደግሞ የብዙ አገሮችን ፍላጎት አንድ ላይ አድርጎ በመግዛት ዋጋ ያስቀንሳል። ሕፃኑን «ትከፍላለህ ወይ?» ያለው የለም። አዛውንቱ ግን ብቻቸውን ሄደው፣ ለአንዲት መርፌ፣ በችርቻሮ ይጠየቃሉ።

በጀት ውስን ነው የሚለውን ክርክር አልንቀውም። ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ፣ በዕድሜና በሕመም ዓይነት ማን እንደሚቀድም በግልጽ ተወስኖ ይነገር፤ እኔም ተራ መጠበቅ ይገባኛል። የማይገባኝ ምርጫውን ዋጋው በዝምታ እንዲመርጥ መተዉ ነው። ገንዘቡ እስኪገኝ ይቆይ ማለትም አያዋጣም፤ ዕድሜ በገፋ ቁጥር ሰውነት ለክትባት የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል። ለአረጋውያን መጠኑ ከፍ ያለ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የተዘጋጀውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ለደም ግፊታቸው ክትትል የመጡ ዕለት ነርሷ «ተከፍሎበታል፣ እጅጌዎን ይሰብስቡልኝ» ትበላቸው። ያን ጊዜ እምቢ ካሉ፣ እምቢታው በእርግጥ የራሳቸው ነው።