«መጠጥ ቤት ደግሞ ምን ታሪክ አለው?»

ሰሞኑን ስለ ፈንዲቃ፣ ስለ ካዛንቺሱ አዝማሪ ቤት፣ ሳነሳበት አንድ ወዳጄ እንዲህ አለኝ፦ «መጠጥ ቤት ደግሞ ምን ታሪክ አለው? ጭፈራው እንደሆነ የትም ይከፈታል።» የአዲስ አበባው ካዛንቺስ ሰፈር በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ የሰማነውም በጨዋ ቋንቋ ይኸው ነበር።

የትም ይከፈታል! የሞባይል ሱቅ ነው እንዴ? አዝማሪ ቤትን አዝማሪ ቤት የሚያደርገው ጥበቱ ነው። ማሲንቆ የያዘው ሰው ጉልበትህ ላይ ሊቀመጥ ምንም አይቀረው። ጓደኛህ «ተቀበል!» ብሎ ገመናህን በስንኝ ያቀብለዋል፤ እሱም ተቀብሎ በሰምና ወርቅ ይሞልጭሃል፤ አንተ እየሳቅህ ግንባሩ ላይ ብር ትለጥፋለህ። ይህን በሆቴል አዳራሽ፣ በድምፅ ማጉያ ሞክሩት እስቲ።

ታሪክ የለውም የተባለውን ፈንዲቃን የያዘው መላኩ በላይ ቤቱን የገዛው በገንዘብ ብቻ አይደለም። በልጅነቱ እዚያው ለሽልማት ሳንቲም እስክስታ እየወረደ፣ እዚያው እያደረ ያደገ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቤቱን ተረከበ፤ ፈረንሳይ ድረስ ኒሻን አሸለመው። ከእሱ በፊትም የውቤ በረሃ ሰፈር ኮማሪቶች፣ የመጠጥ ቤት ባለቤት ሴቶች፣ ነበሩ፤ የአሰገደች አላምረው ስም ዛሬም ከሽማግሌዎች አፍ አልጠፋም። ሚኒስትሩም ተማሪውም እኩል የሚተዋወቁት በእነዚህ ሴቶች ቤት ነበር።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን «ቤቶቹ አርጅተዋል» የሚለው ነው። ማን አስረጃቸው? በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 ወጣና ትርፍ ቤት ሁሉ ተወረሰ፤ ኪራዩ እስከ መቶ ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለመንግሥቱ ኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ተሰጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፒያሳና የካዛንቺስ ትልቁ አከራይ መንግሥት ሆነ። የራሱን ቆርቆሮ የማይቀይር፣ ተከራይ ልቀይር ሲለው ደግሞ «ፈቃድ አምጣ» የሚል አከራይ! ሃምሳ ዓመት ጣሪያው ሲያፈስ ቆሞ ያየ ሰው ዛሬ መጥቶ «እዚህማ አይኖርም» ሲል ያፈርሳል ወይስ ያፍራል? ግለሰብ አከራይ እንዲህ ቢያደርግ በየደጃፉ በተረገመ። ይህኛው ግን ሪባን ይቆርጣል።

አዎ፣ ሽንት ቤታቸው ይሸት ነበር። እሱን አልክድም። ሽንት ቤት ይጠገናል።

ደግሞ ቅርስ ተብሎ አልተመዘገበም ይሉናል። መዝጋቢው ራሱ አፍራሹ ከሆነ ማን ይመዘግበው? ካዛንቺስ የሚለው ስም እንኳ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ይሠራበት ከነበረው ድርጅት ምህጻረ ቃል የመጣ ነው። የወራሪ የቤት ቢሮ ስም ሰማንያ ዓመት አልፎት በታክሲ ረዳት አፍ ይጠራል፤ ጠጁን ጥለው፣ አዝማሪውን አስጠልለው ያኖሩት ኮማሪቶች ግን አንዲት መንገድ እንኳ በስማቸው የለችም።