ለዶውን ስቴሊ የተሰጣት ጊዜ

በጥር 2025 የሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ለሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድኑ ዋና አሰልጣኝ ለዶውን ስቴሊ በዓመት 4 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ አዲስ ውል ሰጣት (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። በሴቶች የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ያህል የተከፈለው አሰልጣኝ አልነበረም። እንዲህ ያለ ውል በተፈረመ ቁጥር ወሬው ገንዘቡ ላይ ይቀራል። በዛ፣ አልበዛም። እኔ ይገባታል ባይ ነኝ። ግን ከገንዘቡ ይልቅ እዚህ ለመድረስ ስለተሰጣት ጊዜ ብናወራ ደስ ይለኛል።

ስቴሊ የሰሜን ፊላደልፊያ ልጅ ናት። ያደገችው በመንግሥት የኪራይ ቤቶች ሰፈር ነው። ከ5 ልጆች የመጨረሻዋ ናት፤ እናቷ የሰው ቤት እያጸዱ ነው ያሳደጓት። ለቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ስትጫወት በ1991 ለፍጻሜ ደርሳ በተጨማሪ ሰዓት በቴኔሲ 70 ለ 67 ተሸነፈች። የኮሌጅ ዋንጫ ሳታነሳ ተመረቀች። ከዚያ በኋላ 3 የኦሎምፒክ ወርቅ አጥልቃለች። በ2004 አቴንስ ላይ የአሜሪካን ባንዲራ ይዛ ከፊት የገባችውም እሷ ናት።

አሰልጣኝ የመሆን ሐሳብ ግን አልነበራትም። ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ በ2000 ወትውቶ ነው ያስገባት። ለዓመታት ሁለቱን ሥራ አብራ ይዛ ሄደች። በበጋ ራሷ በፕሮፌሽናሉ ሊግ ትጫወታለች፤ ብርዱ ሲመጣ ደግሞ ኮሌጅ ገብታ ታሰለጥናለች። በ8 ዓመት ውስጥ ቴምፕልን 6 ጊዜ ወደ ብሔራዊው ውድድር አስገባችው።

በ2008 ያንን የቆመ ቡድን ትታ ወደ ሳውዝ ካሮላይና ሄደች። የመጀመሪያው ዓመት 10 ድል፣ 18 ሽንፈት። ሁለተኛው 14 ድል፣ 15 ሽንፈት። ሦስተኛው 18 ድል፣ 15 ሽንፈት። በሦስቱም ዓመታት ቡድኑ ለብሔራዊው ውድድር አልበቃም። ሜዳቸው 18 ሺህ ሰው የሚይዝ አዳራሽ ነው። ያኔ አብዛኛው ወንበር ባዶውን ነበር የሚያመሸው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ብዙ አሰልጣኝ ሻንጣውን እንዲሸክፍ የሚነገረው እንዲህ ያለ ውጤት ይዞ ነው። እሷን ግን ዩኒቨርሲቲው አላባረራትም። በአራተኛው ዓመት ቡድኗ 25 ጨዋታ አሸንፎ ከመጨረሻዎቹ 16 አንዱ ሆነ። በ2014 ደግሞ ኤጃ ዊልሰን መጣች። ዊልሰን በአገሪቱ በጣም ከሚፈለጉት ተጫዋቾች አንዷ ነበረች፤ ያደገችውም እዚያው ዩኒቨርሲቲው ባለበት በኮሎምቢያ ከተማ አጠገብ ነው። የትም መሄድ ስትችል ቤቷን መረጠች። እስቲ አስቡት፦ ስቴሊ በሦስተኛው ዓመት ብትሰናበት ኖሮ ዊልሰን ያኔ ገና የ14 ዓመት ልጅ ናት። የ2017ቱን ዋንጫ ሁለቱ አብረው አነሱት። የ2022 ዋንጫም ተከተለ።

ለእኔ ግን ትልቁ ሥራዋ የ2024ቱ ነው። በፊተኛው ዓመት 36 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈው ግማሽ ፍጻሜ ላይ በአይዋ ዩኒቨርሲቲ 77 ለ 73 ተረቱ። ቋሚ ተሰላፊዎቹ አምስቱም ሄዱ። ሌላ ሰው ቢሆን "ዘንድሮ የግንባታ ዓመት ነው" ብሎ ያልፈው ነበር። እሷ በአዳዲሶቹ ልጆች 38 ጨዋታ አድርጋ 38ቱንም አሸነፈች። ፍጻሜው ላይ ዝነኛዋ ተጫዋች ኬትሊን ክላርክ ያለችበትን ያንኑ አይዋን 87 ለ 75 ረታች። ጨዋታውን በቴሌቪዥን ያየው ሕዝብ ወደ 19 ሚሊዮን ይጠጋል። የዚያን ዓመት የወንዶች ፍጻሜ ወደ 15 ሚሊዮን ገደማ ነበር። "የሴቶች ጨዋታ ተመልካች የለውም" የሚለው ነገር ያን ቀን አከተመለት።

ደመወዙም ቢሆን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ከወንዶቹ አሰልጣኝ ጋር የሚመጣጠን ክፍያ እንደሚገባት በግልጽ ተከራክራለች። በ2021 ለ7 ዓመት 22.4 ሚሊዮን ዶላር የሚከፍል ውል ፈረመች። ያን ያህል ርቃ መከራከሯን እወድላታለሁ፤ ከኋላዋ ለሚመጡት የመነሻ ዋጋ ነው ያስቀመጠችላቸው።

የመረቡ ነገርም አለ። በአሜሪካ ኮሌጅ ዋንጫ ያነሳ ቡድን መሰላል ላይ እየወጣ የቅርጫቱን መረብ በመቀስ ይቆርጣል። በ1999 ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ጋር ዋንጫ ያነሳችው ካሮሊን ፔክ ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት አሰልጣኝ ነበረች። ከዚያ መረብ ቁራጭ ወስዳ ለስቴሊ ሰጠቻት፤ የራስሽን እስክትቆርጪ ያዥው ብላ። ስቴሊ የ2017ቱን ስታነሳ ሁለተኛዋ ሆነች። በ2021 የራሷን መረብ ቆራርጣ በከፍተኛው ዲቪዚዮን ለሚሠሩ ጥቁር ሴት ዋና አሰልጣኞች ላከችላቸው።

በፔክና በስቴሊ የመጀመሪያ ዋንጫ መካከል 18 ዓመት አለፈ። ይህ የችሎታ ማነስ ነው ብሎ የሚያምን ካለ ከእሱ ጋር አልስማማም። በ1972 የትምህርት ቤት የፆታ እኩልነት ሕግ ሲወጣ ከ10 የኮሌጅ ሴቶች ቡድን 9ኙን የሚያሰለጥኑት ሴቶች ነበሩ። ሥራው ደመወዝ ሲያበቅል ወንዶቹ መጡ፤ ዛሬ የሴቶቹ ድርሻ ከግማሽ በታች ነው። ወንበሩን ያገኙትም ቢሆኑ ተደላድለው የመቀመጥ ዕድል አላቸው ብዬ አላስብም።

በየዓመቱ መጋቢት አካባቢ የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ የስንብት ዜና ይጎርፋል። ለስፖርት ኃላፊዎቹ አንድ ጥያቄ አለኝ። ያቺን ሁለተኛ ዓመቷን የጨረሰች አሰልጣኝ ከማሰናበታችሁ በፊት ውጤቷን ከስቴሊ የመጀመሪያ ሦስት ዓመታት ጎን አስቀምጡት። ከዚያ ተጨማሪ ሁለት ዓመት ስጧት።