የዘፈኑ ሳይሆን የዕድሜያችን ነገር ነው

የድሮ ዘፈን የሚናፍቀን ከዛሬው ስለሚበልጥ ነው የሚለው ሐሳብ አልተዋጠልኝም። ሰው 40 ዓመት ካለፈው በኋላ አብዝቶ የሚያስታውሰው በግምት ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ያየውን እንደሆነ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል። የመጀመሪያ ፍቅር፣ የመጀመሪያ ደመወዝ፣ ከወላጅ ቤት መውጣት፣ ሁሉም የሚሆነው ያኔ ነው፤ በዚያ ሰሞን ጆሯችን የለመደው ዜማም አብሮ ይቀራል። ዛሬ የምናጣጥለውን የልጆቻችንን ዘፈን እነሱ ነገ በእንባ ይሰሙታል።

ፔትር ጃናታ የተባሉ ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ትዝታ የሚቀሰቅስ ዘፈን ስንሰማ ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል እንደሚነቃ አሳይተዋል። ይህ ክፍል አልዛይመር በተባለው የመርሳት ሕመም ዘግይተው ከሚጎዱት መካከል እንደሆነም ጠቅሰዋል። እኔ ይህን በአያቴ አይቼዋለሁ። የልጆቻቸውን ስም ከረሱ በኋላ እንኳ፣ የወጣትነታቸውን ዘፈን ጀምሬ ሳቆም ከአፌ ተቀብለው፣ ጉልበታቸውን በጣታቸው እየመቱ፣ ስንኝ ሳይዘሉ ይጨርሱት ነበር።

የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው የምታስታምሙ ሁሉ፣ እባካችሁ ያገኛችሁትን ዘፈን ብቻ አትክፈቱለት። በሃያዎቹ ዕድሜው ምን ይሰማ እንደነበር እኩዮቹን ጠይቁና እሱን ፈልጉለት።