ክርክር፦ ልጆቻችንን በየስማቸው በአንድ መዝገብ እንከታተል?

ጥያቄው አዲስ አበባ የእያንዳንዱን ልጅ ክትባት፣ ክብደት፣ ትምህርትና ደህንነት በአንድ መዝገብ ትከታተል ወይ የሚል ነው። አራዳ የሚሠሩ የጤና ጣቢያ ነርስና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ይከራከራሉ።

ነርሷ፦ ትከታተል ባይ ነኝ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ሁለተኛ ዓመታቸው ላይ ካሉ ልጆች መሠረታዊ ክትባት የጨረሱት በአገር ደረጃ 43 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 83 በመቶ ነበሩ። ጥሩ ነው። ግን የቀሩት የማን ልጆች ናቸው? አማካይ ቁጥር ይህን አይነግረኝም። ፒያሳና ካዛንችስ ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማው ዳር ሄደ። ዕቃ ሲጫን የክትባት ካርድ ይጠፋል። ልጁ የዘጠኝ ወር የኩፍኝ ክትባቱ ሲደርስ አዲሱ ጤና ጣቢያ ስለሱ የሚያውቀው ነገር የለም። እኛ ደግሞ መዝገባችን ላይ «ቀረ» ብለን እናልፈዋለን። ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ የሚል ሕግ አለን። ክትትሉ ከዚያው ይጀምር።

ባለሙያው፦ እህቴ፣ ካርዱ የጠፋበት የዚያ ልጅ ነገር እኔንም ያንገበግበኛል። ግን ፋይሉን ማን ይከፍተዋል? በቤቱ የሚደበደብ ልጅ ጉዳይ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ከዞረ እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ልጁም ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል፤ ኮምፒውተሩን ክፍት ትቶ ቡና ለመጠጣት የሚወጣን ሠራተኛ ግን አዋጅ ብቻውን አያቆመውም። ሌላም አለ። ስታዲየም አካባቢ ላስቲክ ለብሰው የሚያድሩ ልጆች የቤት ቁጥር የላቸውም። ከገጠር መጥታ ሰው ቤት ስትሠራ የወለደችም መታወቂያ ከተጠየቀች ክትባቱንም ትታ ትሄዳለች።

ነርሷ፦ ስለዚህ መታወቂያ አይጠየቅ። የጥቃት ፋይልም ለብቻው ይሁን፤ እኔ ክትባትና ክብደት ብቻ ልይ። ይህን እቀበላለሁ፣ ወንድሜ። መዝገቡ ይቅር የሚለውን ግን አልቀበልም።

ባለሙያው፦ እንግዲያው ይህ አስቀድሞ በመመሪያ ይጻፍ። «ቀረ» የተባለውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚፈልግ ሰውም ይመደብ። ሥራውም ከስታዲየሙ ልጆች ይጀመር።

ነርሷ፦ እኔ ደግሞ ዛሬ ከሚወለዱት ነው የምለው። በዚህ አልተግባባንም።