ምስጋና ለባለ ክላሰሩ አከራይ

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ከአራብሳ እስከ የካ አባዶ ባለው የአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ያለ አንዳች በጀትና ያለ አንድ የሠለጠነ ባለሙያ የሕዝብ መዝገብ የሚያደራጁ ዜጎች አሉን፤ እስካሁን ግን አንድ የምስጋና የምስክር ወረቀት እንኳ የሰጣቸው የለም። አከራዮቻችንን ማለቴ ነው። መቼም ቤት ፈልጎ የሚያውቅ ሁሉ የማንን ውለታ እንደማነሣ ገብቶታል።

ይህን ምስጋና እንድጽፍ ያነሣሣኝ ሰሞኑን አንድ ደላላ ስለ አንዲት ሰርቪስ ቤት በቴሌግራም የላከልኝ መልእክት ነው። ስለ ቤቷ የተጻፈው «ውኃ በፈረቃ፣ መብራት የጋራ» የሚል ብቻ ሲሆን፣ ስለ እኔ የሚፈለገው ግን የስልኬን መስኮት ሞልቶ ወደ ታች ፈሰሰ። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ኮፒ ከፊትና ከጀርባ፣ የቀበሌ መታወቂያ ኮፒ በተጨማሪ፣ የባለቤቴም እንዲሁ፣ የጋብቻ የምስክር ወረቀት፣ የልጅ የልደት ካርድ፣ ከመሥሪያ ቤት የደመወዝ ደብዳቤ፣ የዋስ መታወቂያ፣ የዋሱም የደመወዝ ደብዳቤ፣ እንዲሁም ጉርድ ፎቶግራፍ። መጀመሪያ ቤቷን ልያት ብዬ ብጠይቅ «ኮፒው ይቅደም ወንድሜ፣ እትዬ ሰው ሳያጣሩ በር አይከፍቱም» ተባልሁ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ለጣሪያው ቢደረግለት ኖሮ በክረምት ባልዲ የሚደቀንበት ቤት ባልኖረ ነበር፤ ግን ምስጋና ላይ ነንና ይህን እንተወው።

መዝገቡ የሚቀመጥበትን ያየ ሰው አድናቆቱ ይጨምራል። ክላሰሩ ያለው በሳሎን ቡፌ ውስጥ፣ ለእንግዳ ብቻ ከሚወጡት ብርጭቆዎች ሥር ነው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ግቢው ገና አጥር ሳይኖረው የተከራዩ ሰዎች ሲሆኑ፣ የኮፒ ማሽኑ ቀለም አጥቁሯቸው ከግንባራቸው በቀር አይታዩም። በአንዱ ገጽ ላይ የሲኒ ቂጥ ያተመው ክብ የቡና እድፍ ልክ በትውልድ ዘመኑ ላይ አርፏል፤ በሌላው ጀርባ የዕቁብ ሒሳብ ተደምሮበታል። ከግቢው ከወጡ ብዙ ክረምት ያለፋቸው፣ ምናልባትም የራሳቸውን ቤት ሠርተው አከራይ የሆኑ ሰዎች፣ በዚያ ክላሰር ውስጥ እስከ ዛሬ ተከራይ ናቸው። ወረቀቱ ለምን እንደሚቀመጥ መጠየቅ ነውር ነው፤ የደፈረ ቢኖርም መልሱ «ለማንኛውም ይኑር» ነው። የብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራም የ10 ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ብሌንና የፊት ምስል ወስዶ ለእያንዳንዱ ሰው ባለ 12 አሃዝ ቁጥር የሚሰጠው፣ አንድ ሰው ሁለት ሆኖ እንዳይመዘገብ ነው። አከራዮቻችን ግን አንዱን ሰው በአሥር ቡፌ ውስጥ አሥር አድርገው መዝግበውታል።

ከሁሉ የሚደነቀው ደግሞ መረጃውን ሥራ ላይ የማዋል ችሎታቸው ነው። በቀበሌ መታወቂያ ላይ በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው ስምና ስልክ ይሰፍራል። መስመሩን ያስገቡት ሰዎች መኪና የገጨውን ወይም ራሱን ስቶ የወደቀውን ሰው አስበው ነበር፤ አርቆ በማሰብ ግን ከአከራይ አይስተካከሉም። በአራብሳ በኩል ያሉ አንዲት እመቤት፣ ኪራይ ከወሩ አምስተኛ ቀን ካለፈ አደጋ ደረሰ ብለው እንደሚያምኑ በሰፈሩ ይወራል። ታዲያ በስድስተኛው ቀን ማለዳ መነጽራቸውን አድርገው፣ ክላሰሩን አውጥተው፣ ደብረ ብርሃን ወደሚኖሩት የተከራያቸው አጎት ደወሉ።

«በአደጋ ጊዜ ተጠሪ ተብለው የተጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎን። ምነው? ልጁ ምን ሆነ?»

እመቤቲቱ የሰው ገመና በስልክ የማያወጡ ጨዋ ናቸውና «እንዲያው… ይህ እንኳ በስልክ የሚነገር አይደለም። ከቤተሰብ አንድ ሰው ቢመጣ ይሻላል» ብለው ዘጉ።

በስልክ የማይነገር ነገር ምን እንደሆነ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። አጎት ወደ ልጁ ቢደውሉ «የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ አይቀበሉም» አለቻቸው፤ በአራብሳ መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነበርና ስልኩ ባትሪ አልነበረውም። ከዚህ ወዲያ የሚጣራ ነገር አልቀረም። የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተጣደ። ለእናቱ መርዶው እንዲሁ በድንገት እንዳይነገር ሽማግሎች መክረው «አዲስ አበባ ያለች ዘመድ ታማለችና እንጠይቃት» ተባለና፣ በሌሊት ሚኒባስ ተኮናትረው አሥራ አራት ሆነው ጉዞ ጀመሩ። ሊነጋጋ ሲል ከግቢው በር ወርደው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ወየው ወየው፣ ወንድሜን!» እያሉ ገቡ።

ሟቹ በዚያ ሰዓት ከግቢው ቧንቧ ሥር ጥርሱን እየቦረሸ ነበር። ድንኳን የሚያስተክል ለቅሶ በግቢው ሲፈነዳ፣ ያረፉት አከራዩ ናቸው ብሎ ደመደመ። ልበ ቡቡ ልጅ ስለሆነ፣ ኪራዩን ሳልከፍላቸው ሞቱብኝ የሚለው ጸጸትም ተጨምሮበት፣ ቡሩሹን ጥሎ «እትዬን! እትዬን!» እያለ ደረቱን ይመታ ጀመር። በሌሊቱ ጨለማ አስለቃሹና ተለቃሹ ፊት ለፊት ቆመው ብዙ ተላቀሱ፤ አንድ ሽማግሌማ ወደ ሟቹ ጠጋ ብለው «አይዞህ፣ የሁላችንም መንገድ ነው» ብለው አጽናንተውታል ይባላል። እናቱ ድምፁን ለይታ ራሷን ሳተች። በዚህ መካከል እትዬ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ክላሰሩን ታቅፈው ብቅ አሉና «እኔ እኮ ስድስተኛ ቀን ስለሆነው ነው» አሉ። ለቀስተኛው ለተዝካር ካዋጣው ላይ ኪራዩን እዚያው ከፈለ፤ ለሚቀጥለው ወርም ተረፈ። እንግዶቹ ቁርስ ቀምሰው ሊሳፈሩ ሲሉ ግን እትዬ አንድ ነገር ትዝ አላቸው፦ እነዚህ አሥራ አራት ሰዎች ግቢያቸው ገብተዋል፤ ስለዚህ የሁሉም መታወቂያ ኮፒ ያስፈልጋል። ለማንኛውም ይኑር።

ኮፒ ቤቶቻችንንም ሳላመሰግን ባልፍ ቅር ይላቸዋል። መታወቂያችንን «በቴሌግራም ላኩልኝ» ብለው በሚቀበሉበት ኮምፒውተር ላይ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ፊት ተደርድሮ ተራ ጠባቂውን ያዝናናል፤ ቀለም የበዛበት ኮፒ ወደ ካርቶን ይጣላል፤ ካርቶኑ ሲሞላ ወደ ሱቅ ይሄዳል። አንድ ቀን በርበሬ የተጠቀለለልኝ ወረቀት የማላውቃትን ሴት የትውልድ ዘመንና የቤት ቁጥር ይዞ ቤቴ ገብቷል።

እርግጥ የአከራዩም ስጋት ከሰማይ የወረደ አይደለም። የመብራት ሒሳብ ሳይከፍል በሌሊት ዕቃውን ጭኖ የሚጠፋ ተከራይ አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ቤት የሚያከራይ ሰው የተከራዩን ማንነት በዝርዝር መዝግቦ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ እንዲያሳውቅ ያስገድድ ነበር፤ አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ቢተካም፣ «ፖሊስ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?» የሚለው ፍርሃት አልተሻረም። ይሁንና መዝግብ የተባለው የተከራዩን ማንነት ነው እንጂ፣ የልጁን የልደት ካርድና የዋሱን ደመወዝ ቡፌ ውስጥ ቆልፍ ያለ ሕግ አላየሁም።

እንዲህ ወረቀት ወዳድ የሆኑ ሰዎች ግን የሚጠሉት አንድ ወረቀት አላቸው፤ እርሱም ውል ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል ይላል። ይህን አንሥተው ቢጠይቁ፣ ዘጠኝ ዓይነት ኮፒ ሲቆጥር የነበረው አንደበት ወዲያው ይለሰልሳል። «ውል ደግሞ ምን ያደርጋል ልጄ? እንደ ቤተሰብ እንኑር እንጂ ምን ያካስሰናል? ብሩንም በእጅ ብትሰጠኝ ይሻላል፣ የስድስት ወሩን።» በዚህም የተነሣ የተከራዩ ሙሉ ታሪክ በአከራዩ እጅ ሲገባ፣ ተከራዩ ግን በዚያ ቤት መኖሩን፣ መክፈሉን፣ ሌላው ቀርቶ አከራዩ ማን እንደሆኑ የሚያስረዳ አንድ ቁራጭ ወረቀት አይኖረውም። ኮፒው ለውል ነው እንዳንል ውል የለም። በዚያው ዓመት፣ በቁጥርም ቀጥሎት የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው መረጃ ለታወቀ ዓላማ፣ ለዓላማው በሚበቃ መጠን፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ ሳያልፍ እንዲያዝ ይደነግጋል። ዓላማው «ለማንኛውም»፣ መጠኑ «ያለህን ሁሉ»፣ ጊዜው «ክላሰሩ እስኪያረጅ» በሆነበት ሰፈር ይህን አዋጅ ማን ያንብበው?

ፋይዳ ካለ የቀበሌው መታወቂያ ለምን ተጨማሪ ይጠየቃል? ስሙም ፎቶውም በፋይዳው ላይ አለ። በፋይዳው ላይ የሌለው፣ በብዙ ቦታ በወጣ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ግን ያለው፣ ብሔር የሚለው መስመር ነው። ሁሉም አከራይ ለዚያ ይጠይቃል አልልም፤ ለዚያ የሚጠይቅ ግን አለ፣ ደላላውም ያውቀዋል። ኮፒው በተላከ በሩብ ሰዓት ውስጥ «ይቅርታ፣ ቤቱ ተይዟል» ይባላል፤ ማታ ያው ቤት በዚያው ዋጋ ተመልሶ ይለጠፋል። ይህ ጥንቃቄ አይደለም፤ ነውር ነው፤ ሚስትና ልጅ ይዞ መጠለያ የሚፈልግን ሰው በአያቱ አገር መዝኖ ከበር የሚመልስ ሰው፣ ቤቱ የራሱ ስለሆነ ብቻ በደሉ በደል መሆኑ አይቀርለትም። ብቻዋን የተከራየችው ልጅ ነገርማ ከዚህ ይብሳል። ስልኳን ከኮፒው ላይ ቀድቶ ሌሊት የሚደውልላት የግቢው ሰው፣ መሥሪያ ቤቷን ያውቃል፣ የእናቷን ስልክ ያውቃል፣ የክፍሏም መለዋወጫ ቁልፍ ከቡፌው ላይ ተሰቅሏል። አቤት ትበል ቢባል የምትሄድበትን ሁሉ ቀድሞ በእጁ ይዞባታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ስለ ግል ሕይወት መከበር የሚናገረው ለእርሷም ጭምር ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። አከራዮቻችን ቀለል ያለ መንገድ አጥተው እንዳይመስላችሁ። ዋናውን መታወቂያ አይቶ ስሙን ውሉ ላይ ማስፈርና መመለስ ይቻላል፤ የፋይዳን ኪው አር ኮድ በስልክ አንብቦ ካርዱ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ ይቻላል፤ ባለ 12 አሃዙን ቁጥር ላለመስጠትም በምትኩ የሚያገለግል ባለ 16 አሃዝ ተለዋጭ ቁጥር ተዘጋጅቷል። ግድ ኮፒ ይቅር ካልተባለም፣ በፎቶውና በቁጥሩ ላይ አሻግሮ «ለቤት ኪራይ ብቻ» ብሎ ቀን መጻፍ ይቻላል፤ ወረቀቱ ለሌላ ጉዳይ እንዳይውል ያስቸግራል። ይህን የመጨረሻውን አንድ የማውቀው መምህር በየካ አባዶ ሞክሮታል። አከራዩ ጋሼ ወረቀቱን አገላብጠው «ምን አድርገህ አበላሸኸው? ንጹሑን አምጣ» አሉት። መምህሩም በትሕትና፣ እርሳቸውም የመታወቂያቸውንና የቤቱን ካርታ ኮፒ ይሰጡት እንደሆነ ጠየቀ።

ጋሼ ከተቀመጡበት ተነሡ። «የእኔን መታወቂያ? አንተ ምን ልታደርግበት? ሰው ታምኖ ነው እንጂ በወረቀት ነው እንዴ የሚኖረው?» ካሉ በኋላ ወደ ደላላው ዞረው «ይህ ሰው ነገረኛ ነው፣ ሌላ አምጣልኝ» ብለው ነገሩን ቋጩት። መምህሩ ክርክር አልወደደም፤ እንግዲያው አስቀድሞ በደላላው በኩል የላከው የራሱና የባለቤቱ ንጹሕ ኮፒ ይመለስለት ዘንድ ብቻ ለመነ።

ክላሰሩ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉም ከልጃቸው ጋር ነው ተባለ። ልጃቸው የሚኖረው ዱባይ ነው።